አሥራ አራት እጅ

በእኛ ሰፈር ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት ጮክ ብሎ ማልቀስ ክልክል ነው። ይህን የወሰነው መንግሥት አይደለም፤ የራሳችን እድር ነው፤ በ2064 ዓ.ም. ጠቅላላ ጉባኤ፣ በድምፅ ብልጫ። ሰው ሲሞት አስከሬኑ በጸጥታ ይገነዛል፣ ድንኳኑ በጸጥታ ይተከላል፤ ከዚያ የሥራ ሰዓት ሲያበቃ ሁላችንም ወጥተን የልባችንን እናለቅሳለን። ምክንያቱ እጅ ነው። ለቅሶ የሰማች ሴት እጇ ይንቀጠቀጣል፤ የሚንቀጠቀጥ እጅ ደግሞ መስታወቱ አይቀበለውም።

መስታወቱ በየሱቁ መግቢያ ላይ ተሰቅሏል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሁለት መዳፍሽን ታሳርፊበታለሽ። አረንጓዴ ካለ ገብተሽ ትሠሪያለሽ። ቀይ ካለ ከአንድ ሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ መሞከር ይፈቀድልሻል፤ እንደገና ቀይ ካለ ቤትሽ ትገቢያለሽ። ማን እንዳስቀየመሽ፣ ምን ስታስቢ እንዳደርሽ አይጠይቅም። ለዚህ ነው መንገዳችን ላይ ባልና ሚስት የሚጣሉት ቅዳሜ ማታ ብቻ የሆነው። እሑድ መስታወት የለም።

ኮምቦልቻ ላይኛው ሰፈር ያለችው የእኛ መንገድ ዕቃ ከሚሸጡት ሌላ ሃያ ስድስት የሥራ ሱቅ አላት። ሃያ አምስቱ ለመከላከያ ይሠራሉ። ሽሮ ወፍጮው ጥቁር ዱቄት ይፈጫል፤ ምን እንደሚሆን ባለቤቱ አያውቅም። ብስክሌት ጠጋኙ ፀጉር የሚያህል ሽቦ ይጠመጥማል። ፀጉር ቤቱ ሳይቀር ሁለት ወንበር አንስቶ ብሩሽ ይሠራል። ሁሉም የሚያውቀው የየራሱን ቁራጭ ነው፤ ሥራ እንዴት ነው ስትይው "ቁራጬ ደህና ናት" ይልሻል። እኔ ልጅ ሳለሁ እንዲህ ያለ ነገር የሚሠራው አጥር ባለው ትልቅ ፋብሪካ ውስጥ ነበር፤ በሩን ወታደር ይጠብቀው ነበር። አሁን አጥር የለም። ፋብሪካው እኛ ነን።

ሃያ ስድስተኛው ሱቅ የእኛ ነው።

ሜላት እባላለሁ፤ ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው። በእኔ ጊዜ ሜላት የሕፃን ስም ነበር፤ አሁን ሲጠራ ሰው ምርኩዝ የያዘች አሮጊት ትወጣለች ብሎ ይጠብቃል። አሥረኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ። ሠላሳ አራት ዓመት የትምህርት ቤት ቦርሳ ሰፍቻለሁ። ልጆች ባዶ እጃቸውን መማር ከጀመሩ ወዲህ ግን ቦርሳ የሚገዛ የለም። ሱቁን የተረከበችኝ የልጅ ልጄ ሶልያና ናት። እናቷ በሦስት ዓመቷ ጥላት ስለሞተች ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ አሁን ሃያ አራት ሞልቷታል።

ሶልያና የመከላከያ ንዑስ ተቋራጭ ለመሆን ያመለከተችው መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። ለትንሽ ሱቅ የሚፈለገው ነገር ብዙ አይመስልም። ንግድ ፈቃድ፣ የእጅ ምዝገባ፣ ከዚያ የሙከራ ሥራ። የእሷ የሙከራ ሥራ አራት መቶ ማንገቻ ነበር፤ በሠላሳ ቀን። ማንገቻው ሦስት ጣት ስፋት አለው፤ ጫፍና ጫፉ ታጥፎ አራት ማዕዘን ይሰፋል፤ መሀሉ ላይ ኤክስ ይገባል። የቦርሳ ማንገቻ እንዲሁ ነው የሚሰፋው። ይኸኛው ግን የሁለት ሰው ክብደት እንዲያነሳ ነው የተባለው። ምን እንደሚንጠለጠልበት አልነገሩንም። ጠመንጃ ይሆን? ሰው ይሆን? ይህን ስጠይቅ ሶልያና "ቁራጫችን ማንገቻ ናት፣ እማ" ትለኛለች።

ካለፈች የአሥር ዓመት ሥራ ታገኛለች። ከወደቀች አምስት ዓመት ደግማ ማመልከት አትችልም። ያኔ የሚቀራት ቆላ ያለው የስፌት ከተማ ነው፤ ሰው በአምስት ዓመት ውል ይገባል፣ በአዳራሽ ይተኛል፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ይወጣል። የጥሪ ደብዳቤው ደርሷት ነበር። እሷ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠችው፤ እኔ በየቀኑ መሳቢያውን እያየሁ እውል ነበር።

እኔ ሥጋት የሚበላኝ ሰው ነኝ፤ አልክድም። ስትበላ አነሰሽ እላለሁ፤ ስትተኛ ደክሞሽ ነው ወይ ብዬ እቀሰቅሳለሁ። የመጀመሪያዎቹን አሥራ አምስት ቀናት መስታወቱ አረንጓዴ አላት፤ መቶ ሃምሳ ማንገቻ ሰፋች። በአሥራ ስድስተኛው ቀን ቀይ። በማግስቱ ቀይ። በሦስተኛው ቀን እኔ እራሴ ከመስታወቱ ፊት ቀድሜያት ቆሜ "ቀስ አድርጊው፣ ጣትሽን ዘና አድርጊ፣ አታስቢ" ስላት እያየችኝ መዳፏን አሳረፈች። ቀይ።

ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አረንጓዴ አላለም። ሃያ ስድስተኛው ቀን ላይ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ በሩ ላይ ቁጭ አለች።

"እማ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ አይከፋሽም?"

"ምን ሆንሽ? አመመሽ?"

"ይኸው። ይኸንን ነው የምልሽ። ገና ሳልናገር አመመሽ ትያለሽ። እጄን የሚያንቀጠቅጠው ሥራው አይደለም። አንቺ ነሽ።"

ከደፉ ላይ የወደቀ ክር ለቀምኩ።

"ተናድጄ አይደለም" አለች። "ግን ማታ ማታ በር ላይ ቆመሽ መተንፈሴን ስታዳምጪ እሰማሻለሁ። እኔም ያኔ እተነፍስ እንደሆነ ማሰብ እጀምራለሁ።"

ሁለት መቶ ሃምሳ ማንገቻ ቀርቶ ነበር፤ ማንገቻውን የሚሰበስበው ጋሪ የሚመጣው ሰኞ ነው። አይደርስም፣ ይለፈኝ አለች። ሐይቅ ያለችውን የአባቷን እህት ተሰናብታ ሰኞ ስትመለስ የቆላውን ደብዳቤ ልትፈርም ነው። ትንሽ ቦርሳ ይዛ ሄደች፤ እኔ የሰፋሁትን፣ የመጨረሻውን።

አውቶቡሱ ከዓይኔ እንደራቀ ሂክማ ቤት ገባሁ። ሂክማ ከእኛ ሦስተኛ ቤት ነው የምትኖረው፤ በጎርፉ ዓመት ቤቷ ሲፈርስ ያቆምነው በደቦ ነው። እሷ ነጋዴ ብትሆንም ድሮ ቦርሳ ስሰፋ አብራኝ ሠርታለች።

"ሂክማ፣ ደቦ ልጠራ ነው።"

"የምን ደቦ? ማሳ ገዙ እንዴ፣ እማማ?"

"የማንገቻ።"

ትንሽ አየችኝ፤ ከዚያ የራስ መሸፈኛዋን አጥብቃ ተነሣች።

ቅዳሜና እሑድ አሥራ ሦስት ሴቶች መጡ። አምስቱ የጓዳዬን ባለ ፔዳል መኪናዎች ያዙ፤ ሌሎቹ የየራሳቸውን በጋሪ አስጭነው መጡ። መስታወቱ ላይ ማንም እጇን አላሳረፈችም። እኔ እንዲህ አስቤ ነበር፦ መስታወቱ ለሠራተኛ ነው፤ እነዚህ ደግሞ የሚከፈላቸው ነገር የለም፤ ስለዚህ ሠራተኛ አይደሉም። ውሉ ስልሳ ገጽ ነው። እኔ ያነበብኩት እስከ አሥራ ሁለት ነበር። ስለ እጅ የሚናገረው አርባ አንደኛው ገጽ ላይ እንደሆነ በኋላ ነው ያወቅሁት።

ሁለቱ ቀን ደስ ይል ነበር፤ ይህንንም አልክድም። ግቢው በመኪና ድምፅ ተሞላ። ኢክራም የአራት ወር ልጇን አዝላ ትሰፋለች፤ ልጁ ሲያለቅስ ተነሥታ ታጠባለች፤ ረምላ የጀመረችውን ትጨርስላታለች።

"ረምላ፣ ኤክሱን አጣመምሽው" አለቻት ኢክራም ከጥግ።

"አንቺ የጀመርሽው ነው የተጣመመው። እኔ ያቃናሁት ነው።"

"ባልሽንም እንዲሁ ነው ያቃናሽው?"

ሁሉም ሳቀ። ያልሳቀችው ፌቨን ብቻ ናት። ፌቨን ከደሴ ወደ ሰፈራችን ከመጣች አራት ዓመቷ ነው፤ የታሸገ ውሃ ትሸጣለች፤ ስትሰፋ አይቻት አላውቅም ነበር። እሑድ ጠዋት ሳልጠራት መጣች፤ ጥግ ካለው መኪና ተቀምጣ ሃያ ሁለት ማንገቻ ሰፍታ ተነሥታ ሄደች። እኔ ሁለቱን ቀን ክር ስቆርጥ ነበር። መርፌ አልነካሁም። ዓይኔ ደከመ አልኳቸው፤ እውነቱ ግን ፈርቼ ነው።

ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ሰው አልባው ጋሪ በራችን ላይ ቆመ፤ አራት መቶውን ማንገቻ ቆጥሮ ወስዶ ሄደ። ሶልያና አምስት ሰዓት ላይ ከአውቶቡስ ወረደች። በኩራት ነገርኳት። ባዶውን ጠረጴዛ እያየች ቆመች።

"ስንት ሰው ሰፋው?"

"አሥራ ሦስት። ሁሉም ጎበዝ ናቸው።"

"እማ፣ ስፌቱን እኮ ያነቡታል።"

"ያንብቡት። ንጹሕ ስፌት ነው።"

ገብታ መሳቢያውን ከፈተች፤ ደብዳቤውን አይታ መልሳ ዘጋችው። አልፈረመችም ግን።

የመከላከያው ተቆጣጣሪ ረቡዕ መጣ። አቶ ናሆም ይባላል፤ ወጣት ነው፤ ጫማው አቧራ ስለነበረበት ከአውቶቡስ ጣቢያ በእግሩ እንደመጣ አወቅሁ። ማንገቻዎቹን በሳጥን ይዟቸው ነበር። ከመናገሩ በፊት ውሃ ለመነ።

"ወይዘሮ ሜላት፣ ስፌቱ ላይ ቅሬታ የለንም" አለ። "ጎትተነዋል፣ ሰቅለነዋል። ችግሩ አሥራ አራት እጅ ነው የተገኘበት። አንዱ የሶልያና ነው፤ የተመዘገበ። አሥራ ሁለቱ የማይታወቁ ናቸው። አንዱ ደግሞ የተዘጋ እጅ ነው።"

"የተዘጋ ማለት?"

"አንድ ጊዜ ተመዝግቦ በባለቤቱ ጥያቄ የተዘጋ። ስሟን ልነግርዎት አይፈቀድልኝም።" ወረቀት አወጣ። "ሕጉ እያንዳንዱ ስፌት ባለቤት ይኑረው ይላል። ባለቤት የሌለው ስፌት አንቀበልም። ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ ውድቅ ብዬ እፈርማለሁ። ቀድሜ የመጣሁት ልንገራችሁ ብዬ ነው።"

ሶልያና ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። እጆቿን ከኋላዋ ደብቃለች።

"እርስዎ ባለቤታቸውን አያውቁም ማለት ነው?" አልኩት።

"ማሽኑ እንደሚለያዩ ብቻ ነው የሚያውቀው። ማን እንደሆኑ አያውቅም።"

"እኔ አውቃለሁ።"

ፈገግ አለ፤ የአክብሮት ፈገግታ ነበር። ከሳጥኑ አርባ ማንገቻ አንስቶ ቀላቅሎ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። እያንዳንዱ ላይ ያለው ቁጥር እንዳይታይ ገለበጣቸው።

አንድ በአንድ አነሣሁ። ከዓይኔ ይልቅ አውራ ጣቴ ነው የሚያየው። ይቺ ግራኝ ናት፤ ኤክሷ ከቀኝ ይጀምራል። ይቺ ጥግ ላይ ስትዞር ክር ትስባለች። ይቺ ስትቸኩል የስፌቷ እርምጃ ይረዝማል። ይቺ የሶልያና ናት፤ እኔ ያስተማርኳት ስለሆነች የራሴን ጥፋት ሁሉ ትደግማለች። አሥራ አራት ክምር አደረግሁ፤ አንዷን ማንገቻ ለብቻዋ አስቀመጥኩ። የአሥራ አራተኛው ክምር ስፌት ላይ ጣቴ ሲያልፍ ቆመ። ከሁሉም የሚበልጥ ስፌት ነው። ሳልጠራት የመጣችውን፣ ጥግ የተቀመጠችውን አስታወስኩ። ክምሩን ከሌሎቹ ጎን ደረደርኩት።

ናሆም በእጅ በሚያዝ መሣሪያው ክምር በክምር አሳለፈው።

"ሠላሳ ዘጠኙ ልክ ነው" አለ። ድምፁ ተለውጧል። "ይህቺ ግን ከሦስተኛው ክምር ናት፤ እርስዎ ለብቻ አስቀመጧት።"

"ከሦስተኛው ናት፤ ከአምስተኛውም ናት። ጀማሪዋ ልጅ ልታጠባ ተነሣች። ከኤክሱ መሀል ጀምሮ ያለው የሌላ ሰው ነው።"

እንደገና አነበበው፤ አቅርቦ፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ መሣሪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

"ስማቸውን ይነግሩኛል?"

"አልነግርህም" አልኩት። አንተ ማለቴን ያወቅሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው፤ እሱም ቅር አላለውም። "ሳልጠይቃቸው አልነግርህም። እጃቸውን ነው ያበደሩኝ። ስማቸው የእነሱ ነው።"

ናሆም ወረቀቱን አጣጠፈ። "ሕጉ እጅ ስንት ይሁን አይልም" አለ። "ባለቤት ይኑረው ነው የሚለው። ሴቶቹ ዓርብ ጠዋት መጥተው መስታወቱ ላይ እጃቸውን ካሳረፉና ስፌቱ የእኛ ነው ካሉ፣ ሱቁ ባለ አሥራ አራት እጅ ሱቅ ይሆናል። እንዲህ ያለ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም፤ የሚከለክልም አላየሁም። ግን ምን እንደሚፈርሙ ይንገሯቸው።"

ምን እንደሚፈርሙ ሁላችንም እናውቃለን። በየሱቁ ግድግዳ ላይ ሰሌዳ አለ። ከእጅሽ የወጣ እያንዳንዱ ቁራጭ ቁጥሩ እዚያ ላይ ይበራል፤ ጎኑ ላይ አንድ ቃል። "በመጋዘን"። "በሥራ"። ከዚያ፣ የሚያስፈልግበት ቀን ከመጣ፣ ወይ "ያዘ" ወይ "አልያዘም"። ሌላ ቃል የለም። ማን እንደተንጠለጠለበት፣ የት፣ ለምን፣ አይነገርሽም። ሠላሳ ዓመት ይበራል። እኔ ሥራውን ትቼ ለሶልያና ያስረከብኩት እርጅና ብዬ አይደለም። ያንን ሰሌዳ ፈርቼ ነው። እሷን አሳልፌ ሰጥቼ እኔ ከጀርባዋ ስፈራ ከረምኩ።

ረቡዕ ከሰዓትና ሐሙስ ቤት ለቤት ዞርኩ።

ኢክራም ሳቀች። "ቀይ ካለ ቤትሽ ተቀመጪ የሚለኝ መስታወት? ይጻፉኝ፣ እማማ። ባሌም ይስማ።" ረምላ ኢክራም ካለች እሷም ናት። አንዷ ባሏን ልጠይቅ አለች፤ ጠይቃ መጣች። ሂክማ ግን የጨርቅ ጥቅልሎቿን ስትደረድር ቆይታ ዞረች።

"እማማ፣ አብሽሪ፣ አይዞሽ ይበሉኝ አላልኩም። ስሜን እሰጣለሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የሁላችንን ስም እየሰበሰቡ ነው። የእርስዎ የት አለ?"

"እኔ አልሰፋሁም እኮ።"

"አዎ" አለች። "አይቻለሁ።"

ወደ ጥቅልሎቿ ተመለሰች።

መጨረሻ ላይ ፌቨን ጋ ሄድኩ። ውሃ የምትሸጥበት ጠባብ ሱቅ በር ላይ ቆማ ነበር። ከመናገሬ በፊት ራሷን ነቀነቀች።

"ጣትዎ አወቀኝ አይደል?"

"ከሁሉም የሚበልጠው ያንቺ ነው።"

"ደሴ ስምንት ዓመት ሰፍቻለሁ" አለች። "ሰሌዳዬ ላይ ስልሳ አንድ ያዘ አለኝ። አንድ አልያዘም። ሰዎች መጥተው ጠየቁኝ፤ ጥፋቱ የአንቺ አይደለም፣ ድንጋይ በልቶት ነው አሉኝ። ደብዳቤም ሰጡኝ። ደብዳቤው እቤት አለ።" ጠርሙሶቹን አስተካከለች። "እማማ፣ ሶልያና ወደ ቆላ ልትሄድ ነው ሲባል መቀመጥ አልቻልኩም። እጄን ይዤ መጣሁ። ስሜን ግን አልችልም። ይቅር ይበሉኝ።"

"ምንም አላጠፋሽም፣ የኔ ልጅ።"

"ያጠፋሁማ ይመስለኛል። የእኔ ሃያ ሁለቱ አራት መቶውን ያበላሹታል።"

ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አሥራ ሁለቱ ሴቶች በራችን ላይ ተሰለፉ። ናሆም ወንበር ወስዶ መዝገቡን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። አንድ በአንድ እጃቸውን አሳረፉ፣ ስማቸውን ተናገሩ። ኢክራም ልጇን ለረምላ ሰጥታ፣ ረምላ መልሳ ለኢክራም ሰጥታ። ሁሉም አረንጓዴ። ሶልያና ስታሳርፍ ዞሬ ግድግዳ አየሁ። አረንጓዴ አለ። ሳላያት ነው አረንጓዴ ያለው።

"ሃያ ሁለት ማንገቻ ቀርቷል" አለ ናሆም። "ባለቤት ከሌለው መፈታትና በተመዘገበ እጅ እንደገና መሰፋት አለበት። እስከ ስድስት ሰዓት።"

"እኔ እሰፋዋለሁ" አለች ሶልያና።

"አይደለም" አልኳት። "እኔ ነኝ።"

ሂክማ ቀና ብላ አየችኝ።

ወደ መስታወቱ ሄጄ ሁለት መዳፌን አሳረፍኩ። ቀዝቃዛ ነው። ስንቱን ሰው ከኋላው ሆኜ ሳስጨንቅ ከርሜ ብርዱን አላውቀውም ነበር። ቀይ አለ።

ሶልያና አፏን ከፈተች፤ ዘጋችው። የእኔን ጥፋት ላለመድገም እንደሆነ ገባኝ።

"ከአንድ ሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ ይፈቀዳል" አለ ናሆም።

እስከዚያ ስፌቱን ልፍታ ብዬ ምላጭ ይዤ በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። መፍታት መስታወት አይጠይቅም። የመጀመሪያውን ክር ስነካ ምላጩ ተንሸራተተ፤ ጨርቁን ሊበላው ነበር። ያኔ አንድ ሰው አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። ፌቨን ናት። ሱቋን ዘግታ መጥታለች።

"እንደዚያ አይደለም" አለች ቀስ ብላ። "አንድ ስፌት ቆርጠው ሁለት ይዝለሉ። እኔ እይዝልዎታለሁ።"

ማንገቻውን በሁለት እጇ ወጠረችው። እኔ ክሩን ቆረጥኩ፤ እሷ ሳበች። የራሷን ስፌት ስታስፈታ ፊቷ ላይ ምንም አላየሁም። ሁለተኛውን ያዘች፤ ሦስተኛውን። ሃያ ሁለተኛው ሲያልቅ አንድ ሰዓት ሞልቶ ነበር፤ ያን ያህል ጊዜ አንድም ነገር ሳልሠጋ ተቀምጬ አላውቅም። በስንት ዓመቴ።

ተነሥቼ እጄን አሳረፍኩ። መስታወቱ ቆየ። አረንጓዴ።

ከሦስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ስድስት ሰዓት ሊሞላ አሥር ደቂቃ እስኪቀረው ሰፋሁ። አዲስ ቀዳዳ አልከፈትኩም። መርፌዬን ያስገባሁት ፌቨን በከፈተችው ቀዳዳ ነው፤ አንድ በአንድ፣ ጥግ በጥግ። እሷ ከፈታቻቸው ክሮች ጋር በረንዳው ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ስጨርስ ግን አልነበረችም። ናሆም ሃያ ሁለቱን አንብቦ "ሜላት" ብሎ ጻፈ። ከዚያ ፈረመ። ሶልያና ደብዳቤውን ከመሳቢያ አውጥታ ለአራት ቀደደችው፤ ቁርጥራጩን ግን አልጣለችውም፤ ለጨርቅ መቁረጫ ልክ ይሆናል ብላ አስቀመጠችው። የኔ ልጅ መሆኗ በዚህ ይታወቃል።

በጥር የእኛም ሰሌዳ ተሰቀለ። በየጠዋቱ ከሁሉ ቀድሜ የማየው እኔ ነኝ። አራት መቶ ቁጥር፣ ሁሉም "በመጋዘን"። በመጋቢት ከእነዚህ ስልሳው "በሥራ" ሆኑ። ከእኔም አራቱ እነሱ ውስጥ አሉ። እጨነቅ ነበር፤ አሁንም እጨነቃለሁ። ግን በር ላይ ቆሜ የሶልያናን ትንፋሽ ማዳመጥ ትቻለሁ። ሰሌዳውን አዳምጣለሁ።

ሚያዝያ ውስጥ፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ክር እየቆረጥኩ ቀና ስል ቁጥር ሦስት መቶ ሰማንያ አንድ ተለውጧል። የእኔ ነው። ከሃያ ሁለቱ አንዱ።

"ያዘ" ይላል።

ሶልያናን ጠራኋት። መጣች፤ አየችው፤ ትከሻዬን ያዘችኝ። የሆነ ቦታ፣ እኛ በማናውቀው ገደል ወይም ሰማይ፣ አንድ ሰው ተንጠልጥሎ ነበር፤ ሁለትም ሊሆን ይችላል። አልወደቀም። ይኸው ነው የሚነገረን። ከዚያ በላይ ማወቅ እፈልጋለሁ፤ ሌሊት ሌሊት አስባለሁ ማን ይሆን ብዬ። ግን ይህም ጥቂት አይደለም።

ነጠላዬን ሳልይዝ ወጣሁ። መንገዱ ጸጥ ብሏል፤ የሥራ ሰዓት ነው፤ የሚሰማው የወፍጮውና የመኪናው ድምፅ ብቻ ነው። ፌቨን ጠርሙስ እየደረደረች ነበር። ፊቴን ስታይ ጠርሙሱን አስቀመጠች።

"ምንድን ነው? ምን አለ?"

"ያዘ" አልኳት። "ባንቺ ቀዳዳ።"

በሩ ደፍ ላይ ተቀመጠች፤ ከዚያ ጮክ ብላ አለቀሰች። ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በሙሉ ድምፅዋ። ወፍጮው ቆመ። ብስክሌት ጠጋኙ ወጣ። የእድሩ ሊቀመንበር ራሱ ከፀጉር ቤቱ ብቅ አለ፤ ፌቨንን አየ፤ እኔን አየ። ደንቡን ያረቀቀው እሱ ነው። ቆቡን አወለቀና እዚያው ቆመ። ዝም በይ ያላት ሰው የለም።

በማግስቱ ጠዋት ሱቁን ስከፍት ፌቨን በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። እጆቿ በኮቷ ኪስ ውስጥ ናቸው። መስታወቱን ታየዋለች።

"ያለቀሰ እጅ ይቀበላል?" አለችኝ።

"እኔ እንጃ" አልኳት። "ትናንት ሰፈሩ ሁሉ ያንቺን ለቅሶ ሰምቷል። ዛሬ ማን ቀይ እንደሚል እናያለን።"

ትንሽ ሳቀች። እጆቿን ከኪሷ አወጣች፤ በኮቷ ጠረገቻቸው፤ መስታወቱ ላይ አሳረፈቻቸው። የተዘጋ እጅ ስለሆነ ነው መሰለኝ ቆየ፤ ከእኔም በላይ ቆየ።

እኔ ግን ቀለሙን ለማየት አልጠበቅሁም። ወንበሯን ላወጣላት ገባሁ።